በምጣድ መስመር የሚሠራ ብየዳ፦ ለቤት ውስጥ የብረት ጥበብ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌያት ስንዘዋወር፣ ከብረት የሚሠሩ ትንንሽ ጌጣጌጦች የሚፈለጉበት አጋጣሚ ብዙ መሆኑን እንመለከታለን። ክዳኑ ወደ ቆርቆሮ የተለወጠ ቤተ ክርስቲያን የጉልላት መስቀል ይሻል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት አትሮንስና የሻማ ማቆሚያ ይሻል፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለመስኮቱ የሐረግ ቅርጽ ያለው ፍርግርግ፣ ለበሩም ጌጥ ይሻል። ይህን ሥራ በግቢያቸው ሊጀምሩ የሚሹ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛውን የብየዳ ማሽን እንግዛ?» የሚል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሚያስከትለው ዕዳ ቀላል አይደለም። ማሽኑ የሚገዛው በአብዛኛው በብድር ወይም በከብት ሽያጭ ነው። ገዢው «ኃይለኛ» የተባለውን ትልቁን ማሽን ተሸክሞ ቤቱ ይደርሳል፤ በሰካው ጊዜ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሁለተኛ ሲሞክር ሶኬቱ ይጨሳል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ከአልጋ ሥር ይቀመጥና የብድሩ መክፈያ ቀን ብቻ ይቀርባል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመክረው፣ ምርጫው ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመርና ከሚሠራው ብረት ስስነት እንዲጀምር፣ የማሽኑም ዓይነት ከዚህ በኋላ እንዲታሰብ ነው።

ምጣዱ የሚነግረን

በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ብዙ ኃይል የሚወስደው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ነው። በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ14 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። አንድ ቤት ምጣዱን ያለ ችግር ካሞቀ፣ መስመሩ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ከወዲሁ መስክሮልናል ማለት ነው።

አሁን ብየዳውን እናስላ። 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ ለስስ ብረት በ70 አምፔር ገደማ ይሠራል። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ቮልት በዚህ ጊዜ 23 ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1.6 ኪሎዋት ይሆናሉ። ማሽኑ በራሱ ውስጥ በሙቀት የሚያባክነውንና ከመስመሩ በተዛባ ሁኔታ የሚስበውን ስንጨምርበት፣ ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደው ወደ 13 አምፔር ይደርሳል። ይህ ከምጣድ ያነሰ ነው። ማስተካከያውን ወደ 100 አምፔር ብናዞረው ግን ከሶኬቱ የሚሳበው ወደ 20 አምፔር ያድጋል፤ 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ይዘን በ120 አምፔር ስንሠራ ደግሞ 24 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ የምጣድ መስመር ያለው ቤት በ2.5 ኤሌክትሮድ ሊሠራ ይችላል፤ በ3.2 መሥራት የሚሻ ግን የመስመሩን ሽቦና ብሬከር በባለሙያ ማስለወጥ አለበት። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብየዳ እንደማይጀመር ለአንባብያን መናገር አያስፈልገንም፤ እናቶች ራሳቸው ይናገሩታል።

የገጠሩ ችግር ከዚህ ይለያል። ብዙ ቤቶች የራሳቸው ቆጣሪ ስለሌላቸው ከጎረቤት በተሳበ ቀጭን ሽቦ ይጠቀማሉ። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ 50 ሜትር ተስቦ 20 አምፔር ቢያልፍበት፣ በመንገድ ላይ ብቻ ከ20 ቮልት በላይ ይጠፋል። የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፤ ሽቦውን እያሞቀው ነው። ሽቦው በሣር ክዳን ወይም በእንጨት ማገር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ጉዳቱ የሁለት ቤት ይሆናል። ከጎረቤት በተሳበ መስመር መበየድን ስለዚህ ፈጽሞ አንመክርም። የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰውም ቢሆን ለማሽኑ ከቆጣሪው አጠገብ የተለየ ሶኬት፣ ቢያንስ 2.5፣ ቢቻል 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያስገባ። የመሬት መስመር ማለት ትርፍ ነገር አይደለም፤ በማሽኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ የሰውን ሕይወት የሚያተርፈው እርሱ ነው።

መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ጄኔሬተር አማራጭ ነው። ነገር ግን ለ100 አምፔር ብየዳ 5 ኪሎቮልት አምፔር የሚያመነጭ ያስፈልጋል፤ ለአንድ መስቀልና ለሁለት መቅረዝ ሲባል ይህን ያህል ነዳጅ ማቃጠል አያዋጣም። ብረቱን ቆርጦና አስተካክሎ፣ ከተማ ወርዶ በሌላ ሰው ማሽን ማስበየድ ይሻላል።

ስለ ማሽኖቹ ዓይነት

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው የቀድሞው ትራንስፎርመር ነው፤ በብረት እምብርት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ያለው፣ ከባድ፣ ድምፁ የሚያጉረመርም። ክብሩን አንነሣውም። አቧራ አይገድለውም፤ ቢቃጠልም ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ እንደገና ያስነሣዋል። ችግሩ ከመስመሩ የሚወስደው ብዙ መሆኑና በዝቅተኛ አምፔር ላይ እሳቱ ስለማይረጋ ስስ ላሜራን ቶሎ መብሳቱ ነው። ለትልቅ በርና ለጋሪ ሥራ፣ ራሱን የቻለ መስመር ላለው የብረታ ብረት ቤት ይሁን።

ሁለተኛው ኢንቨርተር ይባላል። በውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ኃይሉን ስለሚቆጣጠር እሳቱ በ40 እና በ50 አምፔር እንኳ ጸንቶ ይነድዳል። ክብደቱ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ግራም ስለሆነ በትከሻ ይያዛል፤ ወደ ደብሩ ወስዶ በቦታው ለመሥራት ያመቻል። ለቤት ውስጥ የብረት ጥበብ የምንመርጠው ይህን ነው። ሆኖም ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው የግራይንደር ብናኝ ነው፤ ማራገቢያው የብረቱን ዱቄት ወደ ውስጥ ስቦ በሰሌዳው ላይ ያነጥፈዋል፤ ዱቄቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ማሽኑን ይገድለዋል። ስለዚህ ግራይንደር በሚሠራበት አቅጣጫ አይቀመጥ። ሌላው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። መብራት በሄደ ጊዜ ማሽኑ ይነቀል፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ይሰካ።

ሽቦ በራሱ የሚመግበው ሚግ የተባለው ማሽን ለስስ ላሜራ የተዋጣለት ነው፤ ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ የሚሞላበትን ከተማ፣ የማመላለሻውንም ወጪ አስቀድሞ ያላረጋገጠ አይግዛው። ያለ ጋዝ የሚሠራ፣ በውስጡ ዱቄት ያዘለ ሽቦም አለ፤ እርሱም ሽቦው በአካባቢው ሱቅ እስከተገኘ ድረስ ነው። ቲግ የተባለውን አሁን ማንሣት አያስፈልገንም። ከካርባይድ ጋዝ እያመረቱ መበየድም ምድጃ በሚነድበትና ሕፃናት በሚሮጡበት ግቢ የሚደረግ አይደለም።

በሱቁ ውስጥ

አሻሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየን በማሽኑ ጎን በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ 250 ወይም 300። ይህን ቁጥር እንመርምረው። 250 አምፔር በእውነት የሚሰጥ ማሽን በጫፉ ላይ 30 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ይህ 7.5 ኪሎዋት ነው። የማሽኑ ብክነት ሲታከልበት ከ220 ቮልት ሶኬት ከ40 አምፔር በላይ መሳብ አለበት። በጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ ግን 16 አምፔር ብቻ የሚሸከም የተለመደው የቤት መሰኪያ ነው። እንግዲህ ወይ ቁጥሩ እውነት አይደለም፣ ወይ መሰኪያው ይቀልጣል። በሁለቱም መንገድ ለዚያ ቁጥር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው። ለእኛ ሥራ በእውነት 120 ወይም 140 አምፔር የሚሰጥ ይበቃል፤ የምንሠራበትም በግማሹ ገደማ ነው።

ከትልቁ ቁጥር ይልቅ በጀርባው በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ያለው የሥራ ዑደት ይነበብ። በመቶኛ ይጻፋል፤ የሚለካውም በአሥር ደቂቃ ነው። በ120 አምፔር ላይ 60 በመቶ ቢል፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን በየዶ አራቱን ማረፍ ይችላል ማለት ነው። 20 በመቶ የሚል ከሆነ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ስምንት ደቂቃ ያርፋል። ለጌጥ ሥራ ይህም ቢሆን አያስነቅፍም፤ የእኛ ሥራ ነጥብ ነጥብ እያሉ ማያያዝ፣ ማስተካከል፣ እንደገና መለካት ስለሆነ ማሽኑ ከእጃችን ይልቅ ያርፋል።

ከዚያም ማሽኑ በሱቁ በር ላይ ይሰካና በ2.5 ኤሌክትሮድ ሁለት ዘንግ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ይበየድበት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ማለፍ ነው። ማስተካከያው ወደ 50 ሲወርድ እሳቱ መያያዙን፣ ማራገቢያው መዞሩን፣ የኤሌክትሮድ መያዣው አለመላላቱን፣ ገመዱም የመዳብ መሆኑን እንይ። ከርካሽ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ ቀጭንና አጭር ነው፤ ቶሎ የሚሞቀውም እርሱ ነው። 16 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ ለብቻው መግዛት ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

ስለ ብረቱና ስለ ኤሌክትሮዱ

ለጀማሪ የሚስማማው ኢ 6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ ነው። እሳቱ በቀላሉ ይያያዛል፤ ቅርፊቱ በመዶሻ ጫፍ ይነሣል። የብየዳው ማስተካከያ 2 ሚሊሜትር ለሆነው ከ40 እስከ 60፣ 2.5 ለሆነው ከ60 እስከ 90 አምፔር ነው። ኢ 7018 ብርቱ መገጣጠሚያ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርጥበትን ስለሚጠላ በምዕራብ ጎጃም ክረምት ተከፍቶ የተቀመጠ ፓኬት ዋጋ የለውም። 6013ም ቢሆን ከሰኔ እስከ መስከረም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከምድጃው በላይ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ይቀመጥ።

የብረቱ ስስነት ከሁሉ ይቀድማል። የቱቦላሬ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ እጅ ቆም ባለበት ቦታ ይበሳል። ጀማሪ በፌሮ ይለማመድ፤ 6 እና 8 ሚሊሜትር ፌሮ ጠንካራ ስለሆነ ስሕተትን ይታገሣል፤ ተጎንብሶም ሐረግ ይወጣዋል። ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት ለማጭድና ለማረሻ መልካም ነው፤ ለብየዳ ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ፣ ሳይሞቅ ቢበየድ በማግሥቱ ከመገጣጠሚያው ጎን ይሰነጠቃል።

ቆርቆሮና ነጭ የተለበጠ ቱቦ በላያቸው ዚንክ አለ። ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ይህን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። ወባ ባለበት በእኛ አገር ሰዎች ወባ ነው ብለው ያልፉታል። አንዳንድ በያጆች ወተት መጠጣት መድኃኒቱ ነው ይላሉ፤ ወተት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። ልባጩን በግራይንደር ማንሣት፣ ከቤት ውጭ ነፋሱን በጎን አድርጎ መሥራት ነው መፍትሔው። ትኩሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልለቀቀ እውነተኛ ወባ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ለምድጃ ወይም ለጌጥ ሥራ ርካሽ ላሜራ ነው። ባዶ ሆኖ የሚታየው በርሜል ግን በትነት የተሞላ ነው። የግራይንደር ብልጭታ ወይም የብየዳ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ክዳኑ የሰው አንገት ይቆርጣል። መታጠቡ ብቻ አይበቃም። የሚቆረጥ ከሆነ አፉ ክፍት ሆኖ እስከሚቆረጥበት መስመር ድረስ ውኃ ይሞላ፤ ምን እንደነበረበት ያልታወቀ በርሜል ግን አይነካ።

የማይበየድ ነገር

ሰው ወደ በያጅ ይዞት ከሚመጣው ዕቃ መካከል የተሰበረ የነሐስ ወይም የብር መስቀል ይገኛል። በዚህ ጉዳይ ካህናትና የደብር አስተዳዳሪዎች እንዲያስተውሉ እንለምናለን። በተለምዶ ነሐስ የምንለው ቢጫ ብረት የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሲየስ ይፈላል፤ መዳብ ግን ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ብየዳ እሳት ደግሞ ከ3,500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ በነካው ጊዜ ዚንኩ በጭስ ይሄዳል፤ የቀረው እንደ ሰፍነግ ይቦረቦራል፤ በብዙ ድካም የተቀረጸው ሐረግ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ብርም በ962 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ዕጣው አንድ ነው። የእነዚህ መያያዣ ከራሳቸው ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ የብር ብየዳ ከቦራክስ ጋር ነው፤ እርሱም የብር አንጥረኛ ሙያ እንጂ የበያጅ አይደለም። ዘመን ያስቆጠረ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከሙያም ያልፋል፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የተሰበረው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ይቆይ፤ ስብራቱ ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

ዓይን

ለማሽን ከተያዘው ገንዘብ ቢያንስ ሩቡ ለመከላከያ ይለይ ብለን እንመክራለን፤ ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀነሰው ከማሽኑ ዋጋ ነው። ብዙ በያጆች በጥቁር የፀሐይ መነጽር ሲሠሩ እናያለን። የፀሐይ መነጽር ድምቀቱን ስለሚያደበዝዘው ሰው የተጠበቀ ይመስለዋል፤ የብየዳን ጨረር ለመከላከል ግን አልተሠራም። የሚያስፈልገው ፊትንና አንገትን የሚሸፍን፣ የመስታወቱ ቁጥር 10 የሆነ የብየዳ ጭምብል ነው። በራሱ የሚጠቁረው ዓይነት ለጌጥ ሥራ እጅግ ያመቻል፤ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ከመንካቱ በፊት የት እንደሚያርፍ ያሳያልና።

ሕመሙ ወዲያው አይሰማም። በቀን የሠራ ሰው ሌሊት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለዋል፤ ያነባል፤ ብርሃን ማየት ያቅተዋል። የድንች ቅራፊ ማስቀመጥና ወተት ማንጠብ በየቦታው ይነገራል፤ ንጹሕ ያልሆነ ነገር የቆሰለ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ሌላ በሽታ መጋበዝ ነው። ቀዝቃዛ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨለማ ክፍል፣ ዕረፍት፤ በሁለት ቀን ካልተሻለው ሐኪም። ማደንዘዣ ጠብታ ገዝቶ በየጊዜው ማድረግም ዓይንን ይጎዳል። የብየዳውን ብርሃን ለማየት የሚሰበሰቡ ሕፃናት ጭምብል የላቸውም፤ ስለዚህ ሥራው በግድግዳ ወይም በወፍራም ሸራ ይከለል።

ልብስን በተመለከተ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ቱታ፣ የቆዳ ጓንትና የቆዳ ጫማ ይደረግ። ናይለን ልብስና ኮንጎ ጫማ በፍንጣሪ ቀልጠው ከሥጋ ጋር ይጣበቃሉ። ዝናብ ባረጠበው መሬት ላይ ቆሞ መበየድም የተከለከለ ነው፤ ቢያንስ ደረቅ ሳንቃ ከእግር ሥር ይኑር።

ከመግዛት በፊት ጎረቤትን መጠየቅ

ብረት ማጠፊያ፣ መጠምዘዣ፣ ማሞቂያ ልግዛ የሚል ጥያቄም ይቀርብልናል። ማሽኑ፣ አንድ ግራይንደር፣ አንድ ሞርሳ፣ መዶሻና የሽቦ ብሩሽ ካሉ ሌላው ይቆይ። ፌሮን አግሎ ወደ ሐረግ የሚያጥፍ፣ ጫፉን እንደ ቅጠል የሚያሳሳ ባለሙያ በየገጠሩ ገበያ አጠገብ አለ፤ እርሱም ቀጥቃጩ ነው። ወናፉና መስፉ ከብዙ ብር ማሽን የሚሻል ሥራ ይሠራሉ። በአገራችን ማረሻውንና ማጭዱን ከእርሱ ተቀብሎ ከእርሱ ጋር ማዕድ መቁረስን የሚጸየፍ፣ ቡዳ ብሎ ልጁን ከዓይኑ የሚሸሽግ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤልና ኤልያብ ለመገናኛው ድንኳን ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን እንዲሠሩ በስማቸው የተጠሩ መሆናቸውን ለምእመናን የምናስተምር እኛ፣ የመንደራችንን አንጥረኛ በሙያው ምክንያት መናቅ አይገባንም። ኢንቨርተር የያዘ ወጣትና ወናፍ የያዘ ቀጥቃጭ አብረው ቢሠሩ፣ አንዱ ያጥፋል፣ ሌላው ያያይዛል፤ ዋጋውንም ሥራው ሳይጀመር ተነጋግረው ይካፈላሉ። ቀጥቃጩ በሰኔ በማረሻ፣ በጥቅምትና በኅዳር በማጭድ ሥራ ይጨናነቃልና፣ የጉልላት መስቀልም ሆነ የመስኮት ፍርግርግ ለማሠራት ጥርና የካቲት ይመረጣሉ፤ መሬቱም ያን ጊዜ ደረቅ ነው።